ከባድ ሸርተቴ በ16 ከ50 ውስጥ፦ ፍጹም ቅጣት ምት የሚሰጠው መቼ ነው?

ባለፈው ክረምት ከቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጀርባ ባለ ሜዳ የሠፈር ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እዳኝ ነበር። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ የአካባቢውን ዋልካ አፈር እንደ ሳሙና አሙልጮታል። ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው አንድ ቀጭን አጥቂ በግራ መስመር ተከላካዩን አልፎ 16 ከ50 (የቅጣት ክልሉ) ውስጥ ገባ። ተከላካዩ ከጎን ተወርውሮ ሸርተቴ ወረደ። ኳሷን ነካት፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እግሩ ግን ኳሷ ላይ አልቆመም። በጭቃው ላይ ተንሸራትቶ መጥቶ አጥቂው ተመርኩዞበት የነበረውን እግር ከቁርጭምጭሚቱ አጨደው። ከሜዳው ዳር ግማሹ ሰው “ሪጎሬ!” ሲል ግማሹ “ኳስ ነው የነካው!” አለ። እኔም ሁለተኛውን ድምፅ ተቀብዬ በእጄ “ቀጥሉ” አልኩ። ልጁ በጓደኞቹ ትከሻ ተደግፎ ወጣ፤ ውድድሩ እስኪያልቅም አልተመለሰም።

ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። ቢጫ ካርድም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የጨዋታውን ሕግ እንደ አዲስ አንብቤ፣ በየሳምንቱ ሜዳ ላይ እየሞከርኩ ያስተካከልኩትን አካሄድ ነው እዚህ የማሰፍረው። የምጽፈው በአቃቂ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በጀሞ፣ በየካ አባዶና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳር ሜዳዎች ፊሽካ ለሚይዙ ነው። በእነዚህ ሜዳዎች ብዙ ጊዜ ረዳት ዳኛ የለም፤ ምስል መልሶ የሚያሳይ ማሽን የለም፤ ተመልካቹ መስመሩ ላይ ቆሟል። ዳኛው ያለው ሁለት ዓይንና አንድ ቅጽበት ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚያርፍበትን አስቀድሜ ልናገር። ተከላካዩ ኳስ ለመንጠቅ የገባበት አገባብ መክበድ ብቻውን ፍጹም ቅጣት ምት አያሰጥም፤ መቅለሉም አያስቀርም። ፍጹም ቅጣት ምትን የሚያሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በቀጥተኛ ቅጣት ምት (በቀጥታ ግብ ሊቆጠርበት በሚችል ምት) የሚያስቀጣ ጥፋት መኖሩና ያ ጥፋት በተከላካዩ ቡድን የቅጣት ክልል ውስጥ መፈጸሙ። የአገባቡ ክብደት የሚወስነው የካርዱን ቀለም ነው። በሠፈር ሜዳ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ስለሚደባለቁ ነው። “እንዲህ ለቀላል ነገር እንዴት ሪጎሬ ይሰጣል?” የሚል ተከላካይም፣ “እንዲህ ተመትቼ እንዴት አይሰጠኝም?” የሚል አጥቂም የጠየቁት የካርዱን ጥያቄ ነው።

ከጨዋታው በፊት፦ ገመዱና ታኬታው

ቦታው ካልታወቀ ፍርድ የለም። ስለዚህ ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ፤ በቦርሳዬ ውስጥ በ5.5፣ በ9.15፣ በ11 እና በ16.5 ሜትር ላይ ቋጠሮ ያለው ገመድ አለ። ከእያንዳንዱ የግብ ቋሚ ውስጠኛ ጠርዝ በግቡ መስመር ላይ ወደ ጎን 16.5 ሜትር፣ ከዚያ ወደ ሜዳው ውስጥ 16.5 ሜትር ትለካላችሁ። የግቡ ስፋት 7.32 ሜትር ስለሆነ ክልሉ በአጠቃላይ 40.32 ሜትር ይሰፋል። የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ከግቡ መካከል 11 ሜትር ላይ ነው። ሜዳው ጠባብ ከሆነና አዘጋጆቹ ክልሉን አሳጥረው ካሰመሩት ተስማምተውበት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ ለሁለቱም አምበሎች በአንድነት አሳዩአቸው።

ኖራ በክረምት አይታመንም። በመጀመሪያው አጋማሽ ነጭ የነበረው መስመር በሁለተኛው አጋማሽ ጭቃ ውስጥ ይሰወራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የ16 ከ50ው መስመር በሐሳብ ወደ ጎን ቢቀጥል የጎኑን መስመር የሚነካበትን ቦታ ፈልጉና ከሜዳው ውጪ አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ በግራም በቀኝም አጭር እንጨት ትከሉ፤ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። መሬቱ ላይ ያለው መስመር ሲጠፋ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ያለው ቀጥታ መስመር ዓይናችሁን ይመራል።

ጫማ ማየትም የዳኛው ሥራ ነው። በእኛ ሜዳዎች አንዱ ታኬታ፣ አንዱ ሸራ ጫማ፣ አንዱ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ይሰለፋል። የተሰበረ ወይም የሾለ የታኬታ ጥርስ ያለው ሰው ሳይቀይር አይገባም። መጋጫ (የአገዳ መከላከያ) የሌለውንም አላስገባም፤ ሕጉ መጋጫን ከተጫዋቹ ግዴታ ትጥቅ ይቆጥረዋል። ገንዘብ ያልቻለ ቡድን ከሌላው ተውሶ ያጫውታል፤ ይህን ለማቀናጀት አሥር ደቂቃ ቢፈጅ አልቆጭም።

አንደኛ፦ የምታዩበትን ቦታ ያዙ

እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የኔዘርላንዱ ናይጄል ደ ዮንግ በታኬታው የስፔኑን ሻቢ አሎንሶን ደረት መታው። እንግሊዛዊው ዳኛ ሃዋርድ ዌብ ቢጫ ካርድ ሰጠ። በኋላ ምስሉን ሲያየው ቀይ እንደነበረ ተናግሯል፤ በዚያች ቅጽበት እይታው ተከልሎበት ነበር። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ይህ ከደረሰ በእኛ ሜዳ መድረሱ አይደንቅም።

ከጥፋቱ መቅረብ ብቻ አይበቃም። አምስት ሜትር ቀርባችሁ በተከላካዩ ጀርባ በኩል ከቆማችሁ የምታዩት ማልያ ነው። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሜትር ርቃችሁ በጎን በኩል ብትቆሙ ግን በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ያለው ክፍተት ይታያችኋል። ሁሉም ነገር ያለው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው፤ እግሩ ከኳሱ በፊት ወይም በኋላ የት እንዳረፈ የሚያሳየው እሱ ነው። አጥቂው ወደ 16 ከ50 ሲጠጋ ኳሱን ተከትላችሁ በቀጥታ አትሩጡ፤ ወደ ጎን ሁለት ሦስት እርምጃ ሰፋ በሉና ክፍተቱን ክፈቱት።

ያላያችሁትን አትፍረዱ። አጥቂው ሲወድቅ አይታችሁ እግሩ ሲመታ ካላያችሁ፣ መውደቁ ማስረጃ አይሆንም። ይህን መቀበል ከባድ ነው፤ ጩኸቱ ሲበረታ ደግሞ ይብሳል።

ሁለተኛ፦ ቦታውን በንክኪው ለዩ

ኳሱ በጨዋታ ላይ መሆን አለበት። ፊሽካ ከተነፋ ወይም ኳሱ ከመስመር ከወጣ በኋላ የተፈጸመ ጥፋት ካርድ ሊያመጣ ይችላል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ግን አያመጣም። ኳሱ ራሱ የት እንዳለ ለውሳኔው ለውጥ አያመጣም። ኳሱ መሀል ሜዳ እያለ ተከላካዩ በራሱ 16 ከ50 ውስጥ አጥቂ ጠልፎ ቢጥል ፍጹም ቅጣት ምት ነው።

ከዚያ የንክኪው ቦታ። መስመሩ የክልሉ አካል ነው፤ መስመሩ ላይ የተፈጸመ ጥፋት ውስጥ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ተከላካዩ ሸርተቴውን ከየት እንደጀመረ ወይም አጥቂው የት ተንከባልሎ እንደቆመ ለውሳኔው አይጠቅምም። እግር ከእግር የተገናኘበት ነጥብ ነው የሚቆጠረው። አጥቂ በሙሉ ሩጫ ላይ ከመስመሩ ውጪ ተመትቶ ሁለት ሜትር ገብቶ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ ከመስመሩ ውጪ ቀጥተኛ ቅጣት ምት ነው። ተከላካዩ ከውጪ ተነሥቶ በጭቃው ተንሸራትቶ ውስጥ ቢመታው ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት ነው።

ማልያ መያዝ ከዚህ ይለያል። ከክልሉ ውጪ ተጀምሮ እስከ ውስጥ የቀጠለ መያዝ ፍጹም ቅጣት ምት እንደሆነ ሕጉ በግልጽ ይናገራል። በሸርተቴ ላይ ግን ይህን ደንብ አትጎትቱ፤ ሸርተቴ የአንድ ቅጽበት ንክኪ ነው።

ሦስተኛ፦ “ኳስ ነክቷል” የሚለውን ክርክር ወደ ቦታው መልሱ

ብዙ ዳኞች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ልቆይበት።

የድሮው ሕግ ኳስ ለመንጠቅ ሲገባ ከኳሱ አስቀድሞ ተጋጣሚውን የነካ ተጫዋች ይቀጣል ይል ነበር። ሰዉ ከዚህ አንድ መደምደሚያ አወጣ፦ ኳሱን አስቀድሞ የነካ አይቀጣም። ያ አገላለጽ ከሕጉ ከወጣ ቆይቷል፤ መደምደሚያው ግን በየሠፈሩ እንዳለ ነው። ዛሬ የጨዋታ ሕጎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ በ12ኛው ሕግ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ተጫዋቹ ተጋጣሚው ላይ የገባው ጥንቃቄ በጎደለው፣ ለሌላው ደኅንነት ደንታ በሌለው ወይም ከልክ ባለፈ ኃይል በሆነ መንገድ ነው ወይ? ኳሱን መንካቱ ለዚህ ጥያቄ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። መልሱን ግን አይዘጋውም።

ስለዚህ ዓይናችሁ ኳሱ ላይ ሳይሆን የተከላካዩ አካል ላይ ይሁን። በየሸርተቴው የምመለከታቸው እነዚህ ናቸው።

የሚገባው እግር ጉልበቱ የታጠፈ ነው ወይስ የተዘረጋና የደረቀ? የታጠፈ እግር ሲጋጭ ይለሰልሳል፤ የደረቀ እግር እንደ ፍልጥ ይገባል። የጫማው ጥርስ ወደ መሬት ነው ወይስ ወደ ተጋጣሚው ይታያል? እግሩ ምን ያህል ከፍ ብሏል፤ ሣር ላይ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው ወይስ አገዳ ላይ? ሁለቱም እግሮች ከመሬት ለቀዋል? ከለቀቁ ተከላካዩ ራሱን ሊቆጣጠር አይችልም፤ ኳሱን ቢነካ እንኳ የሚነካው በዕድል ነው። ከምን ያህል ርቀት ተወረወረ? ከሁለት ሜትር የተነሣ ሰው እንደ ድንጋይ ነው፤ አንዴ ከተለቀቀ አይመለስም።

ከዚያ ደግሞ ሁለተኛው እግር አለ። ብዙዎቻችን ወደ ኳሱ የሚዘረጋውን እግር ብቻ እናያለን። ከኋላ የሚጎተተው እግር ግን አጥቂውን እንደ መቀስ ሊይዘው ይችላል። የፊተኛው ኳሱን በንጽሕና ሲወስድ የኋለኛው የአጥቂውን እግር ከጉልበቱ በታች ያጥፈዋል። ይህ ጥፋት ነው።

በመጨረሻም ከኳሱ በኋላ የሆነውን እዩ። የቱሉ ዲምቱው ሸርተቴ ጥፋት የሆነው በዚህ ነው። ኳሱን ነካ፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን ኃይል ግን አልተቆጣጠረውም፤ አጥቂው መሬት የረገጠበትን እግር ይዞት ሄደ። “ኳሱን ከነካሁ በኋላ ምን ላድርግ፣ ሜዳው ነው ያንሸራተተኝ” ይላል ተከላካዩ። በዋልካ ጭቃ ላይ ሸርተቴ በደረቅ ሣር ላይ ከሚሄደው ይልቅ ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ተጫዋቹም ያውቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የተጫወተበት አፈር ነው። ሜዳው ሲያንሸራትት ጥንቃቄው መጨመር አለበት እንጂ ኃላፊነቱ አይቀንስም።

“ሆን ብዬ አይደለም” የሚለውም ተመሳሳይ ነው። ለጥፋት መኖር ሐሳብ አይጠየቅም። ጥንቃቄ ማጣት በቂ ነው። ጠልፎ ለመጣል ወይም ለመርገጥ መሞከርም ራሱ ጥፋት ነው፤ አጥቂው ዘልሎ ስላመለጠ ብቻ ጥፋቱ አይሰረዝም። ዘልሎ ሲያርፍ ሚዛኑን ቢስትና ቢወድቅ፣ ንክኪ ባይኖርም ፍጹም ቅጣት ምት መስጠት ትችላላችሁ። ይህን ለመወሰን ግን እርግጠኛ መሆን አለባችሁ፤ ንክኪ የሌለበት ፍጹም ቅጣት ምት ለማስረዳት የሚከብድ ነው።

ጥፋቱ ኳሱ ከሄደ በኋላም ሊፈጸም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሴቪያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ፈረንሳዊው ፓትሪክ ባቲስቶን ኳሱን ከመታ በኋላ የምዕራብ ጀርመኑ ግብ ጠባቂ ሃራልድ ሹማኸር በአየር ላይ ገጨው። ባቲስቶን ራሱን ስቶ፣ ጥርሶቹ ወልቀው በቃሬዛ ወጣ። ዳኛው የሰጠው የመልስ ምት ነበር፤ ካርድም አልነበረም። ግብ ጠባቂም እንደማንኛውም ተጫዋች በዚሁ ሕግ ይዳኛል። “በረኛ በራሱ ክልል ውስጥ ነው” የሚል የተለየ ጥበቃ ለአገባብ የለም።

አራተኛ፦ ጥፋት ያልሆነውን አውቃችሁ ጨዋታውን አስቀጥሉ

ፍጹም ቅጣት ምት መስጠት የሚፈራ ዳኛ እንዳለ ሁሉ በየመውደቁ ፊሽካ የሚነፋም አለ። ሁለቱም ጨዋታውን ይጎዳሉ።

ተከላካዩ አስቀድሞ ደርሶ ኳሱን ወስዶ፣ እግሩ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ አጥቂው በራሱ ሩጫ መጥቶ ቢሰናከልበት ጥፋት የለም። ትከሻ ለትከሻ፣ ኳሱ ለመጫወት በሚቻልበት ርቀት እያለ፣ ከልክ ያላለፈ መገፋፋት ይፈቀዳል፤ ቀጭኑ ልጅ ስለወደቀ ብቻ ወፍራሙን አትቅጡት። አጥቂው ኳሱ ከቁጥጥሩ ሲወጣ እግሩን ጎትቶ የተከላካዩን እግር ፈልጎ ቢመታ፣ ንክኪውን የፈጠረው እሱ ነው።

አስመስሎ የሚወድቀውን የሚያሳብቀው የአወዳደቁ ጊዜ ነው። በእውነት የተጠለፈ ሰው እጁን ዘርግቶ ፊቱን ለማዳን ይሞክራል፤ አወዳደቁም ከንክኪው ጋር ይመጣል። አስመሳዩ አንድ እርምጃ ዘግይቶ፣ ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ አጥፎ፣ ዓይኑን ወደ ዳኛው አዙሮ ይወድቃል። ለማታለል መሞከር ቢጫ ካርድ ያሰጣል። ቢሆንም የወደቀ ሁሉ አስመሳይ አይደለም፤ ጭቃ ላይ ተንሸራትቶ የወደቀን ልጅ ካርድ መስጠት ግፍ ነው። ጥፋትም የለም፣ ማታለልም የለም፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

አንድ መካከለኛ ሁኔታም አለ። ተከላካዩ እግሩን በአጥቂው ፊት ከፍ አድርጎ አንሥቶ አጥቂው ፈርቶ ኳሱን ቢተው፣ ንክኪ ካልነበረ ይህ አደገኛ አጨዋወት ነው፤ የሚሰጠውም ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው። በ16 ከ50 ውስጥ ቢሆንም ፍጹም ቅጣት ምት አይሆንም። እጃችሁን ወደ ላይ አንሡና ኳሱ ሌላ ተጫዋች እስኪነካ ድረስ አታውርዱ። እግሩ ከነካው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቀጥተኛ ቅጣት ምት የሚያሰጥ ጥፋት ይሆናል፤ በክልሉ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት።

አምስተኛ፦ አሁን ክብደቱን መዝኑ

ፍጹም ቅጣት ምት መሆኑን ከወሰናችሁ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ የካርዱን ጥያቄ አንሡ። ጥንቃቄ የጎደለው ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ተከላካዩ ዘግይቶ ወይም ሳያመዛዝን ገብቶ ከሆነ፣ ካርድ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ይህን አያምንም፤ ፍጹም ቅጣት ምት ካለ ካርድ የግድ ይመስለዋል። ለተጋጣሚው ጉዳት ደንታ ሳይኖረው ከገባ ቢጫ ነው። ከልክ ባለፈ ኃይል ከገባ ወይም የተጋጣሚውን ደኅንነት አደጋ ላይ ከጣለ ቀይ ነው። ቢጫና ቀይ ካርድ በዓለም ዋንጫ ላይ የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ ነው፤ ሐሳቡም ከእንግሊዛዊው የዳኞች ኃላፊ ኬን አስተን የመጣ ሲሆን ያፈለቀው የትራፊክ መብራት አይቶ ነው። እኔም ውሳኔውን በዚያው ምስል አስበዋለሁ፦ ቢጫው “ቀስ በል” ነው፤ ቀዩ “ቁም” ነው።

“ከኋላ ከገባ ቀይ ነው” የሚለውን እምነት ተዉት። ሕጉ ከፊት፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሳይለይ የሚመዝነው ኃይሉንና አደጋውን ነው። ከኋላ የሚገባ ሸርተቴ አደገኛ የሚሆነው አጥቂው ስለማያየውና ራሱን ስለማያዘጋጅ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

“የመጨረሻው ተከላካይ ከሆነ ቀይ ነው” የሚለውም በሕጉ ውስጥ የለም። ግልጽ የግብ ዕድል መነፈጉን ለመወሰን የሚታዩት አራት ናቸው፦ ከግቡ ያለው ርቀት፣ የእንቅስቃሴው አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሱን የመቆጣጠር ዕድሉ፣ የሌሎች ተከላካዮች ብዛትና የቆሙበት ቦታ። ግልጽ ዕድል ከነፈገና ጥፋቱ ከክልሉ ውጪ ከሆነ ቀይ ነው። በክልሉ ውስጥ ፍጹም ቅጣት ምት ከተሰጠና ተከላካዩ በእርግጥ ኳሱን ለመጫወት ሞክሮ ከነበረ ግን ቢጫ ነው፤ የተነፈገው ዕድል በፍጹም ቅጣት ምቱ ተመልሷልና። ከያዘው፣ ከገፋው ወይም ኳሱን ሊያገኝ በማይችልበት ሁኔታ ሆነ ብሎ ከጠለፈው ቀይ ሆኖ ይቀራል። ሸርተቴው በራሱ ጨካኝ ከነበረም ይህ ቅናሽ አይሠራለትም፤ ኳስ ለመጫወት መሞከር አጥንት ለመስበር ፈቃድ አይሆንም።

ስድስተኛ፦ ፊሽካው፣ ሰዉና የተጎዳው ልጅ

ከመንፋታችሁ በፊት አንድ ትንፋሽ ያህል ቆዩ። አጥቂው ተመትቶ ኳሱ ለጓደኛው ደርሶ ባዶ ግብ ፊት ከሆነ ግቡ ይግባ። ያ ካልሆነ ወዲያውኑ ወደ ጥፋቱ ተመለሱ። በ16 ከ50 ውስጥ ከፍጹም ቅጣት ምት የተሻለ ጥቅም እምብዛም ስለሌለ ጥበቃችሁ አጭር ይሁን። ሸርተቴው ቀይ የሚያሰጥ ከሆነ ደግሞ፣ ግልጽ የግብ ዕድል ከፊት ካልታየ በስተቀር፣ ጥቅም አትጠብቁ፤ ተጋጣሚዎቹ ብድር ለመመለስ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ፊሽካው ረጅምና ጠንካራ ይሁን። እጃችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ነጥቡ ያመልክት። ከዚያ እየሄዳችሁ ከሕዝቡ ራቁ፤ ቆሞ የሚከራከር ዳኛ ይከበባል። አምበሉ መጥቶ “ጋሼ፣ ኳሷን እኮ ነው የነካው!” ሲል መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “ወንድሜ፣ ነክቷታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ እግሩን መታው።” ለክርክሩ ያለውን እውነት ካልነፈጋችሁት ክርክሩ ያጥራል። ከሜዳ ዳር ያሉ አባቶች ከተቆጡ ከጨዋታው በኋላ ሄጄ ሰላም እላቸዋለሁ፤ “አባቴ፣ እንዲህ አይቼው ነው” ብዬ በእጄ አሳያቸዋለሁ። በማግስቱ በዚያው መንገድ ታክሲ የምንጠብቅ ሰዎች ነን፤ ይህ ለዳኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

የተጎዳው ልጅ ከካርዱ ይቀድማል። ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ወይም እግሩ የተጣመመ መስሎ ከታያችሁ ማንም ጎትቶ እንዳያነሣው ከልክሉ፤ ጫማውን በጉልበት አታውልቁ፤ ማሸት የሚወዱትን አርቁ። ልጁ መራመድ ከቻለና ፍጹም ቅጣት ምቱን የሚመታው እሱ ከሆነ ሜዳ ላይ ታክሞ እዚያው መቆየት እንደሚፈቀድለት ለአሠልጣኙ ንገሩት። ብዙዎቹ ታክሞ መውጣት አለበት ብለው ስለሚያምኑ መቺያቸውን ያጣሉ።

ይህን ቅጣት ለእግር ኳስ ያመጣው ግብ ጠባቂ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አየርላንዳዊው ዊልያም ማክረም ግቡ አጠገብ የሚፈጸመውን ሆነ ተብሎ የሚደረግ ጥፋትና ጉዳት አይቶ ሐሳቡን አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ሕግ ሆነ። ራሱ የሚቀጣበትን ሕግ ነው የጠየቀው። ለእኛ ደግሞ ከአገራችን ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2018 በሩሲያው የዓለም ዋንጫ፣ ሊዲያ ታፈሰ ደግሞ በ2015 እና በ2019 በሴቶች የዓለም ዋንጫ ከዳኞች ዝርዝር ገብተው ማየት የሠፈር ዳኛን ቀና ያደርጋል።

ዓይንን የማሠልጠኛ ልምምድ

እሑድ ጠዋት ሜዳው ሳይያዝ ሁለት ወጣት ተጫዋቾችና ሦስት ዳኞች እንገናኛለን። አንዱ ኳስ ይገፋል፤ ሌላው ከልክ ባላለፈ ፍጥነት ሸርተቴ ይወርዳል፤ ሣር ያለበትን ጥግ እንመርጣለን። ዳኞቹ በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ፦ አንዱ ከጀርባ፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከግቡ በኩል። ከእያንዳንዱ ሸርተቴ በኋላ ማንም ሳይናገር ሦስቱም በእጃቸው ያሳያሉ፤ ቀጥል፣ ወይም ነጥቡ። ከዚያ ብቻ ነው የምንነጋገረው፦ ንክኪው የት ነበር? የኋለኛው እግር ምን አደረገ? ከኳሱ በኋላ ምን ሆነ? ካርዱን በመጨረሻ እናነሣለን። ከጀርባ የቆመው ዳኛ ከሌሎቹ ጋር የማይስማማበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እሱን ወደ ጎን ሁለት እርምጃ እናንቀሳቅሰውና ያንኑ ሸርተቴ እናስደግመዋለን።

በዚህ ሳምንት ልምምዱን የቱሉ ዲምቱው ቀጭን አጥቂ ሊያግዘን መጣ፤ ቁርጭምጭሚቱ ድኗል። ያንን ቀን አስታውሼ ይቅርታ ጠየቅኩት። “ጋሼ፣ እኔም እኮ ያኔ ኳሷን እንደነካት አይቻለሁ” አለኝና ኳሱን አንሥቶ ወደ 16 ከ50ው ሄደ።